እውነት አማና ነው፦ ከአርሲ ምድር ስለ ወጡ ሁለት ፊልሞች

ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።

በብዙ ፊልሞች መጀመሪያ ላይ አንዲት አጭር ጽሑፍ ብቅ ትላለች። «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» ትላለች። ይህች ጽሑፍ ከታየች በኋላ የተመልካቹ አቀማመጥ ይለወጣል። ተዘናግቶ የነበረው ይነቃል። እናት ልጆቿን «ዝም በሉ፣ ይህ የእውነት ነው» ትላለች። ከዚያ በኋላ የሚታየው ሁሉ፣ የሰዎቹ ንግግር፣ ቤቱ፣ የዳኛው ቃል፣ የሽማግሌዎቹ ፍርድ ሳይቀር እንደ ተፈጸመ ነገር ይቆጠራል። እንግዲህ ፊልም ሠሪው በዚያች አንዲት መሥመር ከተመልካቹ እጅ አንድ ከባድ ነገር ተቀብሏል ማለት ነው። ይኸውም በእኛ አነጋገር አማና ይባላል።

ይህን ጉዳይ ያነሳሁት ስለ ሩቅ አገር ለማውራት አይደለም። ከጭላሎ ተራራ ሥር ካለው ከዚህ ከአርሲ ምድር ሁለት ታሪኮች ወጥተው በዓለም ፊልም ቤቶች ታይተዋል። ሁለቱም እውነተኛ ታሪክ ተብለው የቀረቡ ናቸው። ሁለቱም ስለ ልጅና ስለ ትምህርት ቤት መንገድ ይናገራሉ። የሁለቱም ዋና ጉዳይ የተፈጸመው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ይሁን እንጂ አንደኛው ከታሪኩ ባለቤት ጋር በስምምነት ተሠራ፤ ሁለተኛው ግን ከባለቤቷ ጋር ፍርድ ቤት አገናኘው። ይህ ልዩነት ከምን መጣ? ለእኛ ለሙስሊም ቤተሰቦችስ ምን ያስተምራል? ዛሬ የምንመረምረው ይህንኑ ነው።

ታሪክ መፍጠር በራሱ ጥፋት ነውን?

አንዳንድ ወንድሞች ጥያቄውን ባጭሩ ይቆርጡታል። «ያልሆነን ነገር እንደ ሆነ አድርጎ ማቅረብ ውሸት ነው፤ ውሸት ደግሞ ክልክል ነው፤ ስለሆነም ፊልም ሁሉ ውሸት ነው» ይላሉ። ነገር ግን በኪታብ ቤት የተቀመጠ ሁሉ ነገሩ ይህን ያህል ቀላል እንዳልሆነ ያውቃል። ነሕውን ተምሮ ወደ አደብ የተሻገረ ደረሳ የአል-ሐሪሪን መቃማት ሳይሰማ አይቀርም። በ516 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት አል-ሐሪሪ ሃምሳ መቃማት ጽፈዋል። በእነዚህ ውስጥ አቡ ዘይድ የሚባል አንደበተ ርቱዕ ተንኮለኛ አለ፤ ስለ እርሱ የሚያወራው ደግሞ አል-ሓሪስ ኢብኑ ሀማም ነው። ሁለቱም ከጸሐፊው አእምሮ የወጡ ሰዎች ናቸው። ይባስ ብሎም አል-ሐሪሪ ታሪኮቹን የሚጀምሩት «እገሌ እንዲህ ሲል ነገረን» በሚል በሐዲስ ዘጋቢዎች አነጋገር ነው። በመግቢያቸውም ላይ እንስሳት የሚነጋገሩባቸውን የምክር ተረቶች በማስታወስ፣ ለትምህርት ታስቦ በተሠራ ታሪክ ላይ ነቀፋ ሊኖር አይገባም ሲሉ ተከራክረዋል።

ዑለሞች ይህን መጽሐፍ ለዘመናት ያስተማሩት ለምንድን ነው? አንባቢው ስላልተታለለ ነው። አቡ ዘይድ የሚባል ሰው በሰሩጅ ከተማ አለ ብሎ የሚፈልገው የለም። ከዚህም በላይ አል-ሐሪሪ የማንንም ሰው ሕይወት ወስደው የራሳቸውን ቃል አልጨመሩበትም።

በሌላ በኩል ደግሞ ቁስሷስ የሚባሉት ተራኪዎች ነበሩ። እነዚህ በመስጊድና በገበያ ሕዝብ ሰብስበው ታሪክ የሚናገሩ ነበሩ። ከእነርሱ ውስጥ ደጋጎች ነበሩ፤ ሌሎቹ ግን ሕዝቡን ለማስለቀስ ሲሉ በእውነተኛ ሰዎች ስም ያልተደረገ ነገር ይናገሩ ነበር። በ597 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት የባግዳዱ ኢብኑል ጀውዚ ስለ እነዚህ ሰዎች ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጽፈዋል። ልብ እንበል! ኢብኑል ጀውዚ ራሳቸው በብዙ ሕዝብ ፊት የሚገሥጹ ታላቅ ሰባኪ ነበሩ። ስለዚህ ነቀፋቸው በታሪክ መናገር ላይ አልነበረም፤ እውነተኛውን ከተፈጠረው ደባልቆ ሁሉንም በእውነት ስም በመሸጥ ላይ ነበር።

ከዚህ ሁለት ጥያቄዎች እናገኛለን። አንደኛ፦ ሰሚው የቱ የሆነ፣ የቱ የተፈጠረ መሆኑን የሚለይበት መንገድ አለው ወይ? ሁለተኛ፦ ታሪኩ የማን ነው፤ ባለቤቱስ ተጠይቋል ወይ? ሁለቱን ፊልሞች በእነዚህ ጥያቄዎች እንመዝናቸው።

የሯጩ ልጅነት

የመጀመሪያው ፊልም እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው «ኢንዱራንስ» ነው፤ ጽናት ማለት ነው። አዘጋጁ እንግሊዛዊው ሌስሊ ውድሄድ ሲሆን፣ በአገሩ ቴሌቪዥን እውነተኛ ጉዳዮችን በተዋናይ እያሠራ በማቅረብ የታወቀ ሰው ነው። ፊልሙ ስለ አሰላው ልጅ ስለ ኃይሌ ገብረሥላሴ ነው። ኃይሌ መጽሐፉን በክንዱ ሸጉጦ ወደ ትምህርት ቤት ይሮጥ የነበረበት መንገድ፣ የእናቱ ሞት፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ በ10,000 ሜትር ያገኘው የወርቅ ሜዳልያ ተያይዘው ይታያሉ።

በዚህ ፊልም ውስጥ እውነትና ትወና በግልጽ ተደባልቀዋል። የአትላንታው ሩጫ በዚያው ዕለት በስታዲየሙ የተቀረጸ ነው። የልጅነት ዘመኑ ግን በወቅቱ የቀረጸው ሰው ስላልነበረ ዳግመኛ የተሠራ ነው። ትልቁን ኃይሌን የሠራው ራሱ ኃይሌ ነው። ትንሹን ኃይሌ የሠራው የእኅቱ ወይም የወንድሙ ልጅ፣ ማለትም የሥጋ ዘመዱ ነው። ሌሎቹንም የቤተሰቡን ሰዎች ሆነው የተጫወቱት አብዛኞቹ ዘመዶቹ ናቸው።

ባለቤቱ ስለ ፈቀደ ብቻ ፊልሙ እንከን የለበትም ማለት አይደለም። ሰው ስለ ራሱ ሲናገር ማሳመሩ ያለ ነገር ነው። አባትና ልጅ በምሽት የተነጋገሩትን ቃል በቃል የመዘገበ የለም። ለውጭ ተመልካች ታስቦ የተሠራ በመሆኑም የገጠሩ ኑሮ ከእርሻው ድካም ይልቅ በመልክዓ ምድሩ ውበት ይታያል። ነገር ግን አንድ ትልቅ ነገር ተሟልቷል። ይኸውም ተጠያቂ መኖሩ ነው። «ይህ ሆኗል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሚጠይቀው አለው። ባለቤቱ ፊቱን አሳይቶ፣ ስሙን አስመዝግቦ፣ «ይህ የእኔ ታሪክ ነው፤ በዚህ መልክ እንዲነገር ፈቅጃለሁ» ብሏል። በሐዲስ ተማሪ ቋንቋ ሰነዱ አልተቋረጠም።

ከትምህርት ቤት የምትመለሰው ልጅ

ሁለተኛው ፊልም «ድፍረት» ነው። አዘጋጁ ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ነው። ያለ ትልቅ ኩባንያ፣ በግል ጥረት ገንዘብ ተሰባስቦለት የተሠራ ሲሆን፣ ታዋቂዋ አሜሪካዊት ተዋናይ አንጀሊና ጆሊ በዋና ፕሮዲዩሰርነት ስሟን ሰጥታዋለች። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካው የሰንዳንስና በጀርመኑ የበርሊን ፊልም ፌስቲቫሎች የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ሂሩት የተባለች የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈረሰኞች ይጠልፏታል። ጠላፊዋ ይደፍራታል። ልጅቱ ለማምለጥ ስትሞክር ጠብመንጃ ይዛ ትገድለዋለች። ከአዲስ አበባ የመጣች የሕግ ባለሙያ ትከራከርላታለች፤ ልጅቱ ራሷን መከላከሏ ነው ተብላ ነጻ ትወጣለች።

የዚህ ታሪክ ሥር ያለው በአርሲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ በእርግጥ ተጠልፋለች፤ ጠላፊዋን ገድላለች፤ ከረጅም ክርክር በኋላም በነጻ ተሰናብታለች። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ ቆሞላታል። እ.ኤ.አ. በ1999 ስለ ጉዳዩ በእንግሊዙ ቢቢሲ ቴሌቪዥን ዘጋቢ ፊልም ቀርቧል።

የፊልሙን መልካም ሥራ መካድ ዐድል አይሆንም። የአርዕስቱ ምርጫ እንኳ ብልህነት አለበት። «ድፍረት» በአማርኛ ጀግንነት ነው፤ ይኸው ቃል ደግሞ በሴት ልጅ ላይ የሚፈጸመውን ግፍ ያመለክታል። በአንድ ቃል የልጅቱም የጠላፊዋም ሥራ ተጠርቷል። ሂሩትን ሆና የተጫወተችው ትዝታ ሀገሬ ብዙ አትናገርም፤ ዝምታዋ ግን ከንግግር በላይ ይሰማል። ጠለፋን እንደ ጨዋታና እንደ ጎረምሳ ወግ ይቆጥር የነበረ ሰው ይህን ፊልም አይቶ እንደ ቀድሞው መሳቅ ይከብደዋል።

በሸሪዓችን ዘንድ የዚህ ጉዳይ ብያኔ ግልጽ ነው። ኸንሳእ ቢንት ኺዛም የተባለችው ሰሓቢያ አባቷ ሳትፈቅድ በዳራት ጊዜ ወደ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሄዳ አቤት ብላ ነበር፤ ጋብቻውንም አፍርሰውላታል። ዘገባው በቡኻሪ ውስጥ ይገኛል። የገዛ አባቷ ያለ ፈቃዷ የዳራት ሴት ጋብቻ ከፈረሰ፣ በፈረስ ተጭና የተወሰደች ልጅማ እንዴት ሚስት ትባላለች? ስለዚህ የፊልሙ ዋና መልእክት ከዲናችን ጋር አይጋጭም። ቅሬታችን ከሌላ ወገን ነው።

ነሐሴ 28 ቀን 2006 ዓ.ም. ፊልሙ በአዲስ አበባ ሊመረቅ እንግዶች ተቀምጠው ሳለ የፍርድ ቤት እግድ ደረሰ። ዝግጅቱም ቆመ። ለእግዱ ምክንያት የሆነችው ያቺ የአርሲ ልጅ ነበረች፤ አሁን ዐዋቂ ሴት ሆናለች። ታሪኩ የእኔ ነው፤ ፈቃዴን አልሰጠሁም፤ ለደኅንነቴም ያሰጋኛል የሚል አቤቱታ ነበራት። እግዱ ኋላ ተነሥቶ ፊልሙ በአገር ውስጥ ታየ፤ ኢትዮጵያን ወክሎም ለኦስካር ውድድር ተላከ። ጥያቄዋ ግን እግዱ ስለ ተነሣ ብቻ የተመለሰ አይመስለኝም።

የእርሷን ስም እዚህ ገጽ ላይ አላሰፍርም። እርሷ በፈለገችበት ጊዜና ቦታ ራሷ ተናግራለች፤ የመናገሩ መብት የእርሷ ነው። ይህ መጽሔት በሚገባባቸው የአርሲ ቤቶች ውስጥ የእርሷም የሟቹም ዘመዶች ሊኖሩ ይችላሉ። የደም ነገር ደግሞ በእኛ አገር በቶሎ አይረሳም።

የገባው ቃልና የነበረው ቃል

በሐዲስ ትምህርት ውስጥ ሙድረጅ የሚባል ክፍል አለ። ዘጋቢው ሐዲሱን ሲያስተላልፍ ለማብራራት ብሎ የራሱን ቃል ይጨምራል፤ ሰሚው ደግሞ ሁሉንም እንደ ሐዲሱ አካል አድርጎ ይይዘዋል። የታወቀው ምሳሌ ስለ ወሕይ አጀማመር የሚናገረው የእናታችን የዓኢሻ (ረ.ዐ) ዘገባ ነው። በውስጡ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሒራእ ዋሻ ስለ ነበራቸው «ተሐኑስ» ሲነገር፣ ቃሉ ዒባዳ ማለት ነው የሚል ፍቺ ገብቷል። ዑለሞች ይህ ፍቺ የኢማም አዝ-ዙህሪ ቃል መሆኑን ለይተዋል። አዝ-ዙህሪ የታመኑ ናቸው፤ ፍቺውም ትክክል ነው፤ ሆኖም መስመሩ መታወቅ ነበረበት። አል-ኸጢብ አል-ባግዳዲ ይህን ለመለየት ብቻ ሰፊ መጽሐፍ ጽፈዋል። እውነተኛና መልካም ቃል እንኳ ከሌላው ቃል ይለይ የተባለበት ሃይማኖት ነው ያለን።

በ«ድፍረት» ውስጥ ሙድረጅ የትኛው ነው? ሦስቱን ብቻ ላንሣ።

የመጀመሪያው ቋንቋው ነው። ጉዳዩ የተፈጸመው በአርሲ ሲሆን ፊልሙ የሚናገረው በአማርኛ ነው። በአርሲ ገጠር ሽማግሌ በዛፍ ሥር ሲቀመጥ ምርቃቱም፣ ክርክሩም፣ እርቁም በኦሮምኛ ነው። ጠለፋ እንኳ በዚያ ቋንቋ «ቡቲ» የሚል የራሱ ስም አለው። ለአንድ የአሜሪካ ተመልካች ይህ ትንሽ ነገር ሊመስለው ይችላል። ለእኛ ግን አባትና እናት ልጃቸው ተወስዳ ያለቀሱበት ቋንቋ ሲጠፋ፣ ከታሪኩ ባለቤቶች ግማሹ አብሮ ይጠፋል። ገንዘብና የተዋናይ ምርጫ ያስገደደው ሊሆን ይችላል፤ እንግዲያው «ይህን ለውጠነዋል» ማለት ይቻል ነበር።

ሁለተኛው ሸንጎው ነው። ፊልሙ የሚያሳየን ወንዶች ብቻ ተቀምጠው የሚፈርዱበትን ሸንጎ ነው። እንዲህ ያለ ሸንጎ የለም አንልም። ነገር ግን የአርሲ ሴቶች ሲንቄ አላቸው። ሲንቄ እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን የምታስይዛት በትር ናት። በአንዲት ሴት ላይ ግፍ ሲደርስ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በአንድነት ይወጣሉ፤ ወንዶቹም ያን በትር አክብረው ካሣና እርቅ እስኪያወርዱ ድረስ አይመለሱም። ከባህሉ ውስጥ በዲናችን ሚዛን የሚመረመር ነገር ቢኖርም፣ የአርሲ ሴት ከጥንት ጀምሮ የምትጮኽበት መንገድ እንደ ነበራት አይካድም። ተጠልፋ የሄደች ልጅ ደግሞ በወግ ከእናቷ እጅ ያን በትር ተቀብላ የወጣች አይደለችም። ይህን የሚያውቅ ሰው ጠለፋ በባህሉ ዘንድ ራሱ ጎዶሎ መሆኑን ያያል። ፊልሙ ግን ባህሉን በሙሉ በአንድ ወገን፣ ከከተማ የመጣውን ሕግ በሌላ ወገን አቁሟቸዋል። ለታሪክ አሠራር ይመቻል፤ እውነቱ ግን ከዚህ የተወሳሰበ ነው።

ሦስተኛው የሕጉ ነገር ነው። ስለ ፊልሙ በውጭ አገር ሲጻፍ፣ ይህ የፍርድ ጉዳይ በኢትዮጵያ ጠለፋን በሕግ ያስከለከለ ተደርጎ ሲነገር ቆይቷል። ጠለፋ ግን በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ወንጀል ነበር። ችግሩ ሌላ ነበር። ጠላፊው ከልጅቱ ጋር ኋላ ሕጋዊ ጋብቻ ከፈጸመ ክሱ ይቀር ነበር። በዚህ ቀዳዳ የተነሣ ልጅቱ በተወሰደች ማግሥት ሽማግሌ የሚሯሯጠው ልጅቱን ለማስመለስ ሳይሆን ጋብቻውን ለማጽደቅ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የሴት ልጅን የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ከፍ አደረገ። ቀዳዳውን የዘጋው ደግሞ ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ነው። በአንቀጽ 587 መሠረት ጠላፊ ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል፤ ኋላ ማግባቱም ከክስ አያድነውም። የልጅቱ ፍርድ ራስን ስለ መከላከል የተሰጠ ፍርድ ነበር። ለሕጉ መሻሻል ብዙ ሴቶችና ወንዶች ለዓመታት ደክመዋል።

ይህ ለምን ያሳስበናል? አንድ አባት ፊልሙን አይቶ «እንግዲህ ያ ዘመን በዚያች ልጅ ፍርድ አልፏል» ብሎ ሊተኛ ስለሚችል ነው። አንቀጽ 587ን የሚያውቅ አባት ግን ነገ ሽማግሌ በሩን ቢያንኳኳ «በእርቅ የሚያልቅ ነገር የለም» ብሎ መመለስ ይችላል። እውነቱን ለይቶ ማወቅ ልጅን የሚያድንበት ጊዜ አለ።

የተለወጠው ስምና ያልተለወጠው ስም

ሐዲስ አዋቂዎች ሙብሀም የሚሉት ሌላ ክፍል አለ። በዘገባ ውስጥ ስሙ ሳይጠቀስ «አንድ ሰው» ወይም «አንዲት ሴት» ተብሎ የሚታለፍ ማለት ነው። አል-ኸጢብ አል-ባግዳዲ በዚህም ላይ ጽፈዋል። አንዳንድ ጊዜ ስሙ የቀረው የሰውየውን ነውር ለመሸፈን ነው። የሙስሊምን ነውር መሸፈን ደግሞ ታላቅ ምንዳ ያለበት ሥራ ነው። ስለዚህ የፊልሙ ደጋፊ «የልጅቱን ስም ሂሩት ብሎ መለወጡ እርሷን ለመሸፈን ነው» ሊል ይችላል። አነጋገሩ ሚዛን የሚደፋ ይመስላል።

ነገር ግን አንድ ነገር እንመልከት። በፊልሙ ውስጥ የሕግ ባለሙያዋ በእውነተኛ ስሟ መዓዛ አሸናፊ ተብላ ትጠራለች፤ ሜሮን ጌትነት ናት የተጫወተቻት። ወይዘሮ መዓዛ የሴት የሕግ ባለሙያዎችን ማኅበር ከመሠረቱት አንዷ ናቸው፤ ኋላም እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ 2023 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግለዋል። በአገሩ የታወቀ ስም ነው። እንግዲህ በአንድ ሥዕል ውስጥ ሁለት ሴቶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንደኛዋ እውነተኛ ስም ይዛለች፤ ሌላዋ የተፈጠረ ስም ተሰጥቷታል። የእውነተኛው ስም ክብደት የተፈጠረውን ሁሉ እውነት ያስመስለዋል። በሌላ በኩል ደግሞ የታወቀው ስም መንገድ እየመራ የጠያቂውን ዓይን ወደ ተሸፈነችው ልጅ ያደርሰዋል። ስለዚህ መጋረጃው ከአንድ ወገን ተከፍቶ ከሌላ ወገን የተዘጋ ሆነ። ልጅቱ ከመታወቅ አልዳነችም፤ ታሪኩም በስሟ አልተመዘገበላትም።

ፊልም ሠሪው ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረበት እላለሁ። ወይ የሁሉንም ስም ለውጦ፣ ቦታውንና ጊዜውን አርቆ፣ «ይህ ልብ ወለድ ነው፤ እንዲህ ያለ ግፍ ግን በአገራችን አለ» ብሎ እንደ አል-ሐሪሪ ነጻ ይወጣ ነበር። ወይ ደግሞ እንደ «ኢንዱራንስ» ባለቤቷን አስፈቅዶ፣ የምትለውን ሰምቶ፣ እርሷ በወሰነችው ልክ ይናገር ነበር። የእውነትን ክብር ከአንደኛው፣ የልብ ወለድን ነጻነት ከሁለተኛው ወስዶ የሁለቱንም ግዴታ መተው ግን ሚዛኑን ያጎድላል።

«ጥቅሙ ይበልጣል» ለሚሉ

«ፊልሙ ስንት ሺህ ሰው አስተምሯል! ለአንዲት ሴት ቅሬታ ተብሎ ይህ ሁሉ መስለሓ ሊቀር ነውን?» የሚል ሰው ይኖራል። ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። እኔም ፊልሙ ባይሠራ ይሻል ነበር አልልም። ነገር ግን ፊልሙ የሚያስተምረው ምንድን ነው? የሴት ልጅ ፈቃድ ሳይጠየቅ ሕይወቷን መውሰድ ግፍ መሆኑን አይደለምን? እንዲህ የሚያስተምር ሰው የዚያችኑ ሴት ፈቃድ ማግኘት ከሁሉ በፊት ይገባው ነበር። ትምህርቱ በአስተማሪው እጅ ላይ ሲጎድል ደረሳው ቶሎ ያያል።

ይህን አሟልቶ መሥራት እንደሚቻል ደግሞ ከሌላ የሙስሊም አገር ምስክር አለ። ኢራናዊው አባስ ኪያሮስታሚ እ.ኤ.አ. በ1990 «ክሎዝ አፕ» የተባለ ፊልም ሠርቷል። አንድ ችግረኛ ሰው ራሱን እንደ ታዋቂ ፊልም ሠሪ አስመስሎ አንድ የቴህራን ቤተሰብ ያታልላል፤ ይከሰሳል። ኪያሮስታሚ የፍርድ ሂደቱን ቀረጸ። የተቀረውን ደግሞ ተከሳሹ ተከሳሽነቱን፣ የተታለሉትም መታለላቸውን ራሳቸው ዳግመኛ እንዲሠሩት አደረገ። በዚያም ፊልም ውስጥ የሆነውና የተሠራው ተደባልቀዋል፤ ተመልካቹም አንዳንዴ ድንበሩን ያጣዋል። ሆኖም በዳይም ተበዳይም በራሳቸው ፊትና በራሳቸው አንደበት ቀርበዋል። በዝቅተኛ ገንዘብ የሚሠራ ሰውም ይህን ማድረግ ይችላል ማለት ነው። መጠየቅ ብዙ ብር አይፈጅም።

በየቤታችን ምን እናድርግ?

የፊልም ሠሪው ግዴታ እንዳለ ሆኖ የተመልካቹም ግዴታ አለ። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሑጁራት 6ኛ አንቀጽ ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ አዞናል፤ ሳናውቅ በሰዎች ላይ ጉዳት አድርሰን እንዳንጸጸት። ፊልምም ወሬ ነው፤ ያውም ሥዕልና ድምፅ ያለው ወሬ።

ይህ በመልካም ፊልሞችም ላይ ይሠራል። ሙስጠፋ አል-አቃድ እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጡትን «አር-ሪሳላ» የማያውቅ ሙስሊም ቤት ጥቂት ነው። የነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) መልክም ድምፅም ባለማሳየት አደብን ጠብቋል፤ ብዙ ልብም አለስልሷል። ሆኖም ተማሪዎቼን ስለ ሐምዛ (ረ.ዐ) ስጠይቃቸው አንዳንዶቹ የሚነግሩኝ በሲራ ኪታብ ያለውን ሳይሆን አንቶኒ ክዊን በእንግሊዝኛው ፊልም የተናገረውን ነው። የተዋናዩ ፊት በአእምሯቸው ውስጥ የሰሓባውን ቦታ ይዟል። ፊልሙ መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ ከፊልሙ በኋላ ኪታቡን የገለጠላቸው ስላልነበረ ነው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፤ ልጆቻችን «እውነተኛ ታሪክ» የተባለ ፊልም ሲያዩ አብረናቸው እንቀመጥ። ካለቀ በኋላም ሦስት ጥያቄ እንጠይቃቸው። ይህን ማን ነገረን? ከየት ሰማው? የታሪኩ ባለቤት ምን ይላል? እነዚህ ጥያቄዎች አዲስ አይደሉም፤ ሐዲስ ፍለጋ ከአገር አገር ይጓዙ የነበሩ ዑለሞች የጠየቋቸው ናቸው። ዛሬ በየእጃችን ባለው ስልክ የሰው ነውርና መከራ ተቀርጾ ሲዘዋወር ለምናየው ለእኛማ ይበልጥ ያስፈልጉናል።

ካሜራ ለያዛችሁ የአሰላና የአካባቢው ወጣቶችም አንድ ቃል አለኝ። ይህ ምድር ያልተነገረ ብዙ ታሪክ አለው። የኪታብ ቤቶቹ፣ የገበሬው፣ የሯጮቹ፣ የእናቶቹ ታሪክ ተናጋሪ ይፈልጋል። ተናገሩት። የፈጠራችሁትን ፈጠርነው በሉ፤ የሰማችሁትን ከማን እንደ ሰማችሁ ተናገሩ፤ ባለቤቱ በሕይወት ካለ ደጁን አንኳኩ፤ «አይሆንም» ካለ ተመለሱ። የእንግዳን በር ሦስት ጊዜ አስፈቅደን ካልተፈቀደልን እንድንመለስ የተማርን ሕዝብ ነን። የሰው ሕይወት ከቤቱ በር አያንስም።

አላህ አንደበታችንንም ዓይናችንንም ከሐሰት ይጠብቅልን። ሴቶች ልጆቻችን ወደ ትምህርት ቤት በሰላም ሄደው በሰላም የሚመለሱ ያድርግልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።